ጠልፎ የሚጥል ጨዋታ



መቼም አገራችን ውስጥ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሙያ ቢኖር ጠልፎ መጣል ነው። መሥሪያ ቤት ተቀጥራችሁ ዓመት ሳይሞላ ትተዋወቁታላችሁ። ጠዋት "እንዴት አደርክ ወንድም ዓለም!" ብሎ ትከሻችሁን ቸብ ቸብ ያደርጋል። ሻይ ይጋብዛል። "አንተ እኮ ለዚህ ቦታ ታንሳለህ እንዴ? ይህን ኮሚቴ አንተ ብትመራው!" ይላል። ደስ ብሏችሁ ትመራላችሁ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ የጎደለውን ሒሳብ ፈርማችሁ የተረከባችሁት እናንተ ሆናችሁ ትገኛላችሁ። እሱ? እሱማ ስብሰባ ላይ "እኔ ቀድሞም ስጋት ነበረኝ" እያለ ነው።

የስልኩም አለላችሁ። "እንኳን ደስ ያለዎት! ቁጥርዎ ሽልማት ወጥቶለታል፤ የምሥጢር ቁጥርዎን ብቻ ይንገሩን" የሚል ማር የመሰለ ድምፅ። ማሩን ቀመስ ባደረጋችሁ ማግሥት ሒሳባችሁ ባዶ ነው።

ታዲያ ስለዚህ ሙያ ብዙ የተማርኩት ከሥነ ጽሑፍ መጻሕፍት አይደለም፤ ዕድሜዬን ያስተማርኩት እሱን ሆኖ ሳለ። የተማርኩት ከቼዝ ነው። አዎን፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜዬ ቼዝ ጀምሬያለሁ። "ሰው በዚህ ዕድሜ መቋሚያ ይገዛል እንጂ ቼዝ ይጀምራል?" ያለኝ ወዳጅ አለ። ይበል። እኔ ግን ስለ ጨዋታው እንዲህ እላለሁ፦ ጀማሪን የሚያስመርረው ጎበዝ ተጫዋች አይደለም። ጎበዙ ቢያሸንፋችሁም በወግ በማዕረግ ነው። ጀማሪን የሚያስመርረው ሁለት ሦስት ወጥመድ ሸምድዶ የሚመጣው፣ የአራት እርምጃ ጀግናው ነው።

የአራት እርምጃው ነገር እንዲህ ነው። ነጩ ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ይገፋል፤ ጥቁሩም እንዲሁ። ነጩ ወዲያው ንግሥቲቱን መዝዞ ቀኝ ጠርዝ ላይ ያወጣታል፤ ከዚያ ጳጳሱን ያስከትላል። ሁለቱም ያነጣጠሩት አንድ ወታደር ላይ ነው፤ ከጥቁሩ ንጉሥ አጠገብ ካለው ጳጳስ ፊት የቆመው ላይ። ይህ ወታደር ጨዋታው ሲጀመር ከንጉሡ በቀር ሌላ ጠባቂ የለውም። ጥቁሩ ሳያስተውል ፈረስ ቢያወጣ ንግሥቲቱ ወታደሩን ትበላለች፤ ንጉሡ መሄጃ የለውም፤ ማት። በቃ፣ ሻዩ እንኳ አልቀዘቀዘም።

ሌላም ዓይነት አለ፤ ሰጥቶ የሚነሳ። የራስን ወታደር ወይም ፈረስ "እንካ፣ ብላ" ብሎ ማቅረብ። ፈረንጆቹ ጋምቢት ይሉታል። ቃሉን በቼዝ መጽሐፍ ውስጥ ያስገባው ስፔናዊው ቄስ ሩይ ሎፔዝ ነው ይባላል፤ በ1561 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ። የቃሉ ሥር ጣሊያንኛ ሲሆን ትርጉሙ በትግል ላይ የባላጋራን እግር ጠልፎ መጣል ማለት ነው። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ። እኛ ስንት ዘመን በአማርኛ ስንናገረው የኖርነውን!

ይህን ሁሉ ልምምድ ያደረግሁት ላሊበላ ነው። ለሥራ ጉዳይ ሁለት ሳምንት ያህል ተቀምጬ ነበር። ያረፍኩበት ቤት ክፍሎቹ ብዙ፣ እንግዳው እኔና ሌላ አንድ ሰው። ማታ ማታ የላስታ ብርድ ከአሸተን ተራራ ላይ ሲወርድ ጋቢ ተከናንቦ ከመቀመጥ በቀር የሚሠራ ነገር የለም። እዚያው ቤት የሚውል አንድ ወጣት አስጎብኚ አለ። አስጎብኚ ልበለው እንጂ የሚያስጎበኘው ሰው ካጣ ሰንብቷል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ ፈረንጅ ቀረ። "እሺ፣ በሽታ ነው ያልፋል" ተባለ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደረሰና ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ እጅ ስትለዋወጥ ከረመች። ደግሞ ትንሽ ተንፈስ ሲባል፣ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ስምንት መቶ ዓመት የቆመ ነገር ለእንግዳ መቅረት አይደነግጥም። የሚደነግጠው ቤት ኪራይ ያለበት ነው።

ልጁ ቼዝ የለመደው ከእንግዶች ነው። አንዱ ጎብኚ ሲሄድ ትቶለት የሄደው ሰሌዳ አለው። ከጥቁሮቹ ወታደሮች አንዱ ጠፍቶ በቢራ ቆርኪ ተተክቷል። አጨዋወቱም እንደነገርኳችሁ ነው፤ ንግሥቲቱን ገና በሁለተኛው እርምጃ ይመዛታል።

"ለምን እንዲህ ትቸኩላለህ?" አልኩት።

"ጋሼ፣ እንግዳ እኮ የሚያድረው አንድ ሌሊት፣ ቢበዛ ሁለት ነው" አለኝ። "ረጅም ጨዋታ ከማን ጋር እለምዳለሁ? ቶሎ አሸንፌ ቢራዬን መጠጣት ነው እንጂ።"

አያችሁ? ጠልፎ የመጣል ጥበብ የሚበቅለው ነገ የማይገናኙ ሰዎች መካከል ነው። ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንደምትገናኙ የምታውቁትን ሰው አንድ ጊዜ ብትጥሉት፣ ሁለተኛ ጊዜ እግሩን አራርቆ ይቆማል።

እኔም ያደረግሁት ይኸንኑ ነው። "እኔና አንተ ሁለት ሳምንት አብረን ነን" አልኩት። "ስለዚህ ሌላ ጨዋታ አትጫወትብኝ። ያንኑ የአራት እርምጃህን በየማታው አሥር አሥር ጊዜ ተጫወትብኝ።" ሳቀ። "ጋሼ፣ ይሰለችዎታል" አለ። አልሰለቸኝም። ሰው የሚፈራውን ነገር ደጋግሞ ሲያየው ፍርሃቱ ይቀንስና ነገሩ ይታየዋል። በሦስተኛው ማታ አካባቢ ንግሥቲቱ ብቅ ስትል ልቤ መምታቱን አቆመ። በአምስተኛው ማታ እሱ በጥቁር፣ እኔ በነጭ ሆነን ወጥመዱን ራሴ አጠመድኩበት። ከአጥማጁ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ወጥመዱ የት ላይ እንደሚላላ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ንግሥቲቱ ስትወጣ አትደንግጡ፤ በቀኝ ፈረሳችሁ መሐል ያለውን ወታደራችሁን ጠብቁ። ጳጳሱ ሲከተል በግራ ያለውን፣ ከፈረሳችሁ ፊት የቆመውን ወታደር አንድ ቤት ግፉ። ንግሥቲቱ መሸሽ አለባት። ዞራ በሌላ መንገድ ያንኑ ምስኪን ወታደር ብታስፈራራም ሁለተኛው ፈረስ ወጥቶ መንገዱን ይዘጋባታል። አሁን ቁጠሩ፦ ጥቁሩ ሁለት ፈረሶች አውጥቷል። ነጩ ንግሥቲቱን ሁለት ጊዜ አመላልሶ፣ ፈረሶቹ እስካሁን ከጋጣ አልወጡም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው። አጥቂው የሠራው ወጥመዱን ብቻ ነው፤ ወጥመዱ ካልያዘለት ሌላ የሠራው ነገር የለውም።

የሰጥቶ ነሺውስ? እሱ ከበድ ይላል፤ ምክንያቱም የሚያጠቃችሁ በፍርሃታችሁ ሳይሆን በሆዳችሁ ነው። በሽልንግ ስም የሚጠራ አንድ ወጥመድ አለ። ብላክበርን የሚባል እንግሊዛዊ ጎበዝ በቡና ቤት ጀማሪዎችን ሽልንግ ያስበላበት ነበር ይባላል። ጥቁሩ ያወጣውን ፈረስ እንደገና አንሥቶ መሐል ሜዳ ላይ ያቆመዋል። ፈረሱ ሲነሣ፣ ሲጠብቀው የነበረው ወታደር ያለ ጠባቂ ይቀራል። ነጩ "ኧረ ይኼ ሰው ተሳስቷል!" ብሎ ወታደሩን በፈረሱ ይበላል። ደስታው እዚያ ላይ ይጀምርና እዚያው ላይ ያበቃል። የጥቁሩ ንግሥት ትወጣለች። ነጩ ሌላም ትርፍ ይታየዋል፤ ንግሥትና ግንብን ባንድ ጊዜ የሚያስፈራራ ቦታ። ይዘላል። በሰባት እርምጃ የነጩ ንጉሥ በገዛ ሠራዊቱ መካከል ታፍኖ ይሞታል። ማምለጫውስ? አለመብላት። ወይ መሐል የቆመውን ፈረስ በፈረስ መለዋወጥ፣ ወይ ንጉሥን ወደ ጥግ አስገብቶ ቁጭ ማለት።

ይህን ባየሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ ቅኔ ነው። ከላሊበላ እምብዛም ሳይርቅ ዋድላ አለ። የዋድላ ቅኔ ቤት ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚነሣ ነው። ቅኔ የሚማር ተማሪ መጀመሪያ የሚለምደው ነገር ቢኖር ፊት ለፊት የቀረበለት ቃል የነገሩ መጨረሻ አለመሆኑን ነው። ሰሙ ይቀርብለታል፤ ወርቁን ይፈልጋል። የቼዝ ጀማሪም እንዲሁ ነው። የቀረበችው ወታደር ሰም ናት። ወርቁ ከኋላ የቆመችው ንግሥት ናት። ለልጁ ይህን ስነግረው "አባቴም ቅኔ ቆጥሯል" አለኝ በኩራት። ከዚያ በኋላ ወጥመድ ባየ ቁጥር "ወርቁ የታለ?" ማለት ጀመረ።

የጥንቱን ጨዋታችንንም አነሣሁለት። ዛሬ ሰንጠረዥ ሲባል የሪፖርት ዓምዶች ብቻ ትዝ የሚሉን ሆነናል እንጂ፣ ሰንጠረዥ የአባቶቻችን ቼዝ ነበር። ሔንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ በመጣ ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ የሚወዱ ሰው ሆነው አግኝቷቸዋል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ስለዚሁ ጨዋታ ታሪክና ሕግ ጽፈዋል። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ የሌለበት፣ መሥመር የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ነበር። ንግሥት አልነበረችም፤ በቦታዋ ያለው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ማት ማድረግም ዝም ብሎ ማት ማድረግ አልነበረም። በደር፣ ማለትም በዛሬው ግንብ፣ ወይም በፈረስ የገደለ እንደ ባለሙያ አይቆጠርም፤ ምስጋናው በደካሞቹ ጠጠሮች ለገደለ ነው። ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ በኋላ እየደበዘዘ ጠፋ።

ከሁሉ ከሁሉ የሚገርመው አጀማመሩ ነው። ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ ያንዱን ሳይጠብቁ፣ ያሻቸውን ያህል ጠጠር እያንቀሳቀሱ ይሰለፋሉ። የመጀመሪያዋ ጠጠር ስትበላ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ነው ተራ በተራ። ስለዚህ የተሸመደደ ወጥመድ አይሠራም። እናንተ ስታጠምዱ ያኛውም ከፊታችሁ እያየ ይለዋውጣል። ዓይን ዓይናችሁን እያየ፣ እጃችሁን እየተከተለ። ይህ የመክፈቻ ክፍል ስሙ ማን እንደሚባል ታውቃላችሁ? ወረራ።

"ወረራ?" አለ ልጁ። ትንሽ ዝም ብሎ "እሱንስ ሳንጫወተውም እናውቀዋለን" አለ።

ምን ይባላል? የላስታና የዋግ ምድር ወረራን ደርሶበትም አድርጎትም ያውቃል። ዋግሹም ጎበዜ፣ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው በ1860 ዓ.ም. የነገሡት፣ በ1863 ዓ.ም. በክረምቱ የሚስታቸውን ወንድም ካሳ ምርጫን ሊወጉ ትግራይ ዘመቱ። ሠራዊታቸው በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር። ካሳ ግን ከናፒየር ጦር የተረፈላቸውን መሣሪያ ይዘው፣ ወታደራቸውን አሠልጥነው ጠበቁ። አድዋ አጠገብ አሰም ላይ ተክለ ጊዮርጊስ ተሸነፉ፤ ተማረኩ፤ በመጨረሻም ዓይናቸው ጠፋ። ካሳ በበኩላቸው አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሆኑ። ብዙ ሠራዊት ይዞ መውጣትና አስተካክሎ መሰለፍ ለየቅል መሆናቸውን ቀድመው የተማሩት እኒህ አባቶች ነበሩ፤ የተማሩበት ዋጋ ግን የቢራ አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ልጁ ዝም ማለት አበዛ። ንግሥቲቱንም በሁለተኛው እርምጃ መምዘዝ ተወ። አንድ ማታ ጠጠሮቹን እየደረደረ እንዲህ አለኝ፦

"ጋሼ፣ አንድ ሰው ሳዑዲ ላስገባህ ይለኛል።"

"ስንት ይጠይቅሃል?"

"አሁን ምንም። 'ዝም ብለህ ውጣ፤ ደርሰህ ሥራ ስትይዝ ትከፍላለህ' ነው የሚለኝ።"

ጠጠሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። የሰሜን ወሎ ወላጅ ይህን ዓረፍተ ነገር ያውቀዋል። መንገዱም የታወቀ ነው፤ በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን በእግር ወደ ሳዑዲ ድንበር። "ምንም አትከፍልም" የተባለው ልጅ ባሕሩን ሲሻገር የሚጠብቀው ሰው አለ። እዚያ ይታሰርና ስልክ ይሰጠዋል፤ እናቱ ጋ እንዲደውል። እየተደበደበ እንዲደውል። ከዚያ በሬው ይሸጣል፣ መሬቱ ይከራያል፣ ዘመድ አዝማድ ይለመናል። ነፃ የነበረው መንገድ አገር ምድሩን አስከፍሎም አያበቃ።

"ወርቁ የታለ?" አልኩት።

ገብቶታል። ከእኔ ይበልጥ ገብቶታል፤ ወጥመዱን ያስተማረኝ እሱ አይደል? ራሱን ነቀነቀና ቆርኪዋን ወታደር አንሥቶ በጣቶቹ መካከል እያዞረ፣ እስከ ዛሬ መልስ ያጣሁለትን ነገር ተናገረ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ሰሌዳው ላይ 'አልበላም' ሲሉ ሌላ የሚያንቀሳቅሱት ነገር አለዎት። ፈረስ አለ፤ ጳጳስ አለ። እኔ አልበላም ብዬ ምኑን ላንቀሳቅስ?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉታላችሁ? እኔ ዕድሜ ልኬን ክፍል ውስጥ ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ማታ ግን የምለው አጣሁ። ስለ ወጥመድ ስንመክር ሁልጊዜ የምናወራው ስለ አለመብላት ነው። "አትቸኩል፣ አትጎምጅ፣ የደላላ ቃል አትመን።" ትክክል ነው። ግን ቼዝ ተራችሁ ሲደርስ "ዛሬ ይለፈኝ" የሚባልበት ጨዋታ አይደለም፤ የግድ አንድ ነገር ታንቀሳቅሳላችሁ። ያቺን ነፃ ወታደር መተው የሚችለው ፈረሱ መውጫ ያለው ሰው ነው። ፈረሱም ጳጳሱም ግንቡም ተዘግቶበት የተቀመጠን ልጅ "አትብላ" ማለት ምክር ይምሰል እንጂ ግማሽ ምክር ነው። ቀሪው ግማሽ እሱ ዘንድ የለም፤ እኛ ዘንድ፣ መንገድ መክፈትና ሰላም ማውረድ በሚችሉት ዘንድ ነው። ደላላው ይህን አሳምሮ ያውቃል። የሚመጣው ልጁ ሲጎመጅ ጠብቆ አይደለም፤ ሌላ እርምጃ ሲያጣ ጠብቆ ነው።

የሆነስ ሆነና፣ ያን ማታ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። "እኔ ነገ እሄዳለሁ። ይህን ጨዋታ ግን አንጨርሰውም፤ በስልክ እንቀጥላለን። በቀን አንድ እርምጃ፣ በአጭር መልእክት።" ትንሽ አሰበና "እሺ ጋሼ" አለ። ወታደሮቹን በየቦታቸው አቁመን፣ እያንዳንዱ ቤት ላይ ቁጥር ሰጥተን ተለያየን።

ቢራ የማያስገኝ፣ አራት እርምጃ የማይበቃው ጨዋታ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ሁለትና ሦስት ቀን ይዘገያል። በእነዚያ ቀኖች ቤተሰቦቼ "ለአንድ ቼዝ ይህን ያህል ስልክ ማየት ምንድን ነው?" ይሉኛል። እኔ የማየው ቼዙን አይደለም። እርምጃው እስከ መጣ ድረስ ልጁ ላስታ ነው፤ ባሕር አልተሻገረም።

ትናንት ማታ ፈረሱን አወጣ። ደህና ሰንብቱ።